ሐራራ ሰዓትና ቦታ አለው፦ ሲጋራ ማቆም ለምትፈልግ

ሲጋራ ያቆምኩት ደብረ ብርሃን ላይ ነው። ያውም በኅዳር፣ ማለዳ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ በሚታይበት ወር። ይህን ቀድሜ የምነግርህ «ብርዱ ይለፍና አቆማለሁ» የሚል ሰው ብዙ ስለማውቅ ነው። እኔም ለዓመታት ስለው ነበር። ክረምቱ ያልፋል፣ ውርጩ ይመጣል፣ ውርጩ ሲለቅ ደግሞ ሌላ ሰበብ አይጠፋም።

የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት፣ አንዳንዴም እስከ ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ። 11 ዓመት አጭሻለሁ፤ በቀን ከ15 ፍሬ በታች የወረደበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ተመልሼበታለሁ። በሦስተኛው ቆመልኝ፣ ይኸው አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከዚህ በታች ያለው ራሴ ያደረግኩት ነው፤ ስለ ሰውነት የምጽፈው ደግሞ ሕክምናው የሚለውን ነው።

«አንተ» እያልኩ ብጽፍም ለሴቶችም ነው። እኛ አገር ሴት አጫሽ ተደብቃ ስለምታጨስ አናያትም እንጂ አለች። መደበቁ ደግሞ ማቆሙን ያከብደዋል፤ ለማንም ያልነገረችውን ነገር ማን ያግዛታል? እህቴ፣ ለአንቺም ነው።

ቅድሚያ ስለ ብርዱ

«ለብርድ ነው» ማለት እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ጭሱ ትኩስ ስለሆነ ደረትህ የሞቀ ይመስልሃል። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ኒኮቲን የቆዳን፣ በተለይ የእጅና የእግር ጣቶችን ደም ሥሮች ያጠባል። ደም በደንብ ካልደረሰ ሙቀትም አይደርስም። ገና ካላቆምክ ራስህ ሞክረው። ከማጨስህ በፊት የጣትህን ጫፍ ጉንጭህ ላይ ለጥፈው፣ አጭሰህ ከጨረስክ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግመህ ለጥፈው። እኔ ጠዋት መሪ ስጨብጥ ጣቶቼ እንደ እንጨት ይደርቁብኝ ነበር፤ ያንን ለማሞቅ ብዬ ሌላ እለኩሳለሁ። የሚያበርደኝን ነገር ለብርድ ብዬ ስገዛ ኖሬያለሁ።

ሌላም አለ። ከጭሱ ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይገባል። ይህ ጋዝ ደም ላይ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል፣ የኦክስጅኑን ቦታ ይይዛል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ጣርማ በርና የመንዝ ደጋ ከዚያም ይበልጣሉ። አየሩ ድሮም ስስ ነው። ዳገት ስትወጣ የሚያስለከልክህ ዕድሜህ ብቻ እንዳይመስልህ።

የሚያሞቀው ጋቢ ነው። የአጃ ሾርባ ነው፣ ዝንጅብል የገባበት ሻይ ነው፣ ተነስቶ ወዲያ ወዲህ ማለት ነው። እነዚህን አዘጋጅና ወደ ሥራው እንግባ።

1. ሦስት ቀን ጻፍ

ለመቀነስ አትሞክር፣ እንደ ወትሮህ አጭስ። ግን በለኮስክ ቁጥር ሰዓቱን፣ ቦታውንና ከማን ጋር እንደነበርክ ጻፍ። ስልክህ ላይም ይሆናል። እኔ የፓኮውን ክዳን ቀድጄ በእስክሪብቶ እጽፍበት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ማታ ሳየው ገረመኝ። ቀኑን ሙሉ የሚያምረኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አብዛኞቹ አምስት ቦታ ላይ የተከመሩ ናቸው። ከአልጋ እንደወረድኩ ደጅ ላይ። ቡና ላይ። ከምሳ በኋላ። ማታ አረቄ ቤት። አምስተኛው ጣርማ በር ነው።

ይቺን ልንገርህ። ከቆላ ጭኜ ስመለስ የደብረ ሲናን ዳገት ጨርሼ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ አፍ ላይ ስደርስ ሞተሩ እንዲተነፍስ እቆማለሁ። ብዙ ቀን ጉም ነው፣ ከሥርህ ያለው አገር አይታይም፣ ከታች የሚመጣ መኪና ድምፁ ብቻ ይሰማል። ላይተሩ በነፋሱ እምቢ ይላል። ጃኬቴን ከፍቼ ከልዬ፣ ጀርባዬን ለገደሉ ሰጥቼ እለኩሳለሁ። ለማቆም ከሞከርኩባቸው ጊዜያት በቀር፣ በ11 ዓመት ውስጥ እዚያ ቆሜ ሳላጨስ የሄድኩበትን ቀን አላስታውስም። ታዲያ እዚያ ቦታ ስደርስ ሰውነቴ ሲጋራ ቢጠይቀኝ ምን ይገርማል? አስለምጄዋለኋ!

ሐራራ ከሰማይ አይወርድም ለማለት ነው። ሰዓትና ቦታ አለው። ሰዓቱንና ቦታውን ካወቅክ ቀድመህ ልትጠብቀው ትችላለህ። ሳታውቅ ከጀመርክ ግን ቀኑን ሙሉ የምትዋጋ ይመስልሃል፣ በሁለት ቀን ትደክማለህ።

ጽሑፍህ ላይ አንድ ነገር በተለይ እይ፦ የቀኑን የመጀመሪያ ሲጋራ ከነቃህ በስንት ደቂቃ ነው የምትለኩሰው? በ30 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ ሱሱ ጠንክሮ ይዞሃል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከበታች የምጠቅሰውን የሕክምና እርዳታ ከመጀመሪያው ቢጠይቅ ይሻለዋል።

2. ቀን ቁረጥ

በሁለት ሳምንት ውስጥ ያለ ቀን ይሁን። ከዚያ ካራቅከው ይረሳል። የጾም መግቢያ ለብዙ ሰው ይመቻል። ሁዳዴ ሲገባ ቤቱም ሰፈሩም ሥርዓት ይለውጣል፣ አንተም አብረህ ትለውጣለህ። ሙስሊም ወንድሞቼ ደግሞ ረመዳን ላይ ከንጋት እስከ መግሪብ ሳያጨሱ ይውላሉ፤ ቀኑን ሙሉ የዋለ ሰው «አልችልም» ሊለኝ አይገባም። ችግሩ ከአፍጥር በኋላ ያለችው አንድ ሲጋራ ናት። እሷን ብቻ ነው ማሸነፍ ያለበት። ጾም እስኪመጣ ብለህ ግን ወራት አትጠብቅ። የእኔ ተራ ማክሰኞ ነበር።

ጠበል ሄዶ፣ ሸንኮራ ዮሐንስ ሰንብቶ የሚያቆምም አለ። ደስ ይላል። እዚያ ሳለህ የለመድከው አረቄ ቤት የለም፣ የምታጨስበት ደጅ የለም፣ ለዚያም ይቀልሃል። ስትመለስ ግን ሁሉም ቦታው ላይ ይጠብቅሃል። ስለዚህ ከመመለስህ በፊት ጽሑፍህን አውጥተህ አንብበው።

«ቀስ በቀስ ልቀንስ» የሚል አለ። የተሳካለት አይጠፋም። እኔ ግን አልመክርህም። ስትቀንስ የቀረችው ሲጋራ እየጣፈጠች ትሄዳለች፣ ቀኑን ሙሉ እሷን ነው የምታስበው። ደግሞ አንድም ብትሆን ትንሽ አይደለችም። በቀን አንድ ብቻ የሚያጨስ ሰው ለልብ ሕመም ያለው ተጨማሪ አደጋ በቀን 20 ከሚያጨሰው ሰው ግማሽ ያህል ይደርሳል። ሃያ እጅ ስለቀነስክ አደጋው ሃያ እጅ አይቀንስም። «ፓኮ አልገዛም፣ በፍሬ ነው የምገዛው» የሚለውም ያው ነው። እኔ በፍሬ ስገዛ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ስመላለስ እውል ነበር፤ ያነሰው የምከፍለው ሳይሆን የምቆጥረው ነው።

3. ዋዜማው

ያለህን ሲጋራ ውሃ ውስጥ ክተት። ቆሻሻ ላይ ብቻ ከጣልከው ሌሊት ትፈልገዋለህ፣ አውቀዋለሁ። ላይተሩን፣ መተርኮሻውን ከቤት አውጣ። የኮትና የጃኬት ኪሶችህን ገልብጠህ አራግፍ፤ ከኪስ ስፌት ውስጥ የምትወጣው የትንባሆ ብናኝ ሽታዋ ብቻ ይበቃል። መኪና ያለህ ወንበሩ ሥር እይ።

ጋቢህን እጠበው። የእኔን ባለቤቴ አጥባ ውጭ አሰጣችው። ማታ ስለብሰው የፀሐይና የሳሙና ሽታ ሸተተኝ፣ ለካ እስከዚያ ጋቢዬ ምን እንደሚሸት አላውቅም ነበር። ትንሿ ልጄ ጋቢው ውስጥ ገብታ ተኛች። ከዚያ በፊት ትገፋው ነበር።

ከዚያ ለሦስት ሰው ንገር። አንደኛ ለቤትህ ሰው። «ለጥቂት ቀን እነጫነጫለሁ፣ በአንቺ ላይ አይደለም» በላት። ሁለተኛ አብሮህ ለሚያጨስ ጓደኛ፤ «አቁም» አትበለው፣ «ለእኔ አትዘርጋልኝ» በለው፣ ይበቃል። ሦስተኛ ለባለ ሱቁ። ይቺ ቀላል ትመስላለች፣ ግን ለእኔ ከሁሉም ሠራች። የሰፈራችን ባለ ሱቅ ልጅ ገና በሩ ላይ ሲያየኝ እጁ ወደ መደርደሪያው ይሄድ ነበር።

«ጋሼ፣ የለመዱትን ነው?»

«አይ፣ ትቻለሁ። ብለምንህም እንዳትሸጥልኝ።»

ሳቀ። በአምስተኛው ቀን ሄጄ ለመንኩት፣ እውነትም አልሸጠልኝም። ማስቲካ ሰጠኝ።

4. ሐራራው ሲመጣ

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከባዶቹ ናቸው። ደም ውስጥ ያለው ኒኮቲን በየሁለት ሰዓቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል፣ አንጎል ደግሞ «የታል?» ይላል። ትናደዳለህ፣ እንቅልፍ ይረበሻል፣ ራስህን ያምሃል፣ ሐሳብህ አይሰበሰብም፣ ይርብሃል። ሁለተኛና ሦስተኛው ቀን ላይ ይብሳል። ከዚያ እየላላ ይሄዳል፣ በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ አብዛኛው ይለቅሃል። ይህ ሁሉ ሰውነት መልመዱን ሲተው የሚያሰማው ጩኸት ነው፣ የሚገድል አይደለም።

አሁን ዋናው ነገር። አንድ ሐራራ ሲመጣ የማያልቅ ይመስላል። ሰዓት ይዘህ እየው። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ፣ ቢበዛ አሥር ደቂቃ ነው። ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል። ብታጨስም ባታጨስም ይወርዳል! ይህን ያመንኩ ቀን ነው ነገሩ የቀለለኝ። «ዕድሜ ልኬን አላጨስም» የሚለው ቃል ያስፈራል። «አምስት ደቂቃ አላጨስም» ግን ማንም ይችላል።

በነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ እንዲህ አድርግ፦

ከቦታው ተነሳ። መጀመሪያ ይሄ ነው። ደጅ ከሆንክ ግባ፣ ውስጥ ከሆንክ ውጣ። አምስት ደቂቃ ፈጠን ብለህ ብትራመድ አምሮቱን ራሱ ይቀንሰዋል።

ውሃ ጠጣ፣ በዝግታ፣ ጉንጭ ጉንጭ እያደረግክ።

ተንፍስ። በአፍንጫህ እስከ አራት እየቆጠርክ ሳብ፣ ትንሽ ያዝ፣ በአፍህ ቀስ ብለህ አውጣ። አሥር ጊዜ። ሲጋራ ያረጋጋኛል የምትለው እኩሌታው ይሄው ረጅም ትንፋሽ ነው፤ ያለ ጭሱ ውሰደው።

እጅህንና አፍህን ሥራ ስጣቸው። ሱፍ፣ ካሮት፣ የጥርስ መፋቂያ ይሆናል። የእኔ ቆሎ ነው። ደብረ ሲና መኪና ሲቆም ቆሎ ሻጮቹ መስኮት ሥር እንደሚመጡ የዚያ መንገድ ሰው ያውቃል። ከአንዲት እናት ዘንድ መግዛት ጀመርኩ፣ በሁለተኛው ሳምንት ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ዘንድሮስ ቆሎ አበዛህሳ?»

«ሲጋራ ትቼ ነው እትዬ።»

«እሰይ! እንኳንም ተውከው የኔ ልጅ» አሉና አንድ እፍኝ ምራቂ ጨመሩልኝ። ዛሬም ይጨምሩልኛል። ጣርማ በር ስደርስ እንደ ድሮው ሞተሩን አሳርፋለሁ፣ ግን ከመኪና አልወርድም፤ መስኮት ዘግቼ ገብሱን አንድ አንድ እያልኩ እቆረጥማለሁ። አንድ እፍኝ ሲያልቅ ሐራራውም አልቋል። ሹፌር ባትሆንም ለየቦታው እንዲህ አንድ ምትክ መድብ፣ ቀኑ ከመድረሱ በፊት። እዚያ ቆመህ «ምን ላድርግ?» ካልክ ዘግይቷል።

5. ቡናውን ቀንስ፣ ሌላውን ተወው

ብዙ ሰው የማያውቀው ይሄ ነው። የሲጋራ ጭስ ሰውነት ካፌይንን ቶሎ እንዲያቃጥል ያደርገዋል። ስታቆም የጠጣኸው ቡና ደምህ ውስጥ ከበፊቱ ይልቅ ብዙ ይቆያል። እንግዲህ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንደ ድሮህ ስትጠጣ ልብህ ይመታል፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ ሌሊት ታፈጣለህ። «ሲጋራ በመተዌ ነው» ብለህ ትመለሳለህ፣ የቡናው መብዛት ሆኖ ሳለ። ለመጀመሪያው ወር ግማሽ አድርገው። ቡና ላይ ሲያምርህ የነበርክ ከሆነ ደግሞ መቀመጫህን ቀይር፣ ስኒውን በዚያ ሲጋራ በለመደው እጅህ ያዝ።

አረቄ ለአንድ ወር ይቅርብህ። ጠላም ቢራም። እዚህ ላይ ማባበል አልችልም፤ ሞቅ ያለው ሰው ማክሰኞ የቆረጠውን ነገር ሐሙስ ማታ ይረሳዋል። የግድ መሄድ ካለብህ ውስጥ ተቀመጥ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ቤት ውስጥ ባሉ የሕዝብ መሰብሰቢያዎች፣ በሥራ ቦታና በሕዝብ ማመላለሻ ማጨስ ክልክል ነው። አጫሾቹ ሲወጡ አብረህ አለመውጣት ነው ያንተ ሥራ። ጫት የምትቅም ከሆነ ጫትና ሲጋራ አንዱ ሌላውን ይጠራል፤ ሁለቱን አብሮ መተው ከባድ ቢመስልም ጫት ላይ ተቀምጦ ሲጋራ መተው ይብሳል።

ሰውነትህ ምን ያሳይሃል

ካጠፋህ ከ20 ደቂቃ በኋላ የልብ ምትህ ይወርዳል። በአንድ ቀን ውስጥ ያ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከደምህ ይጠራል። ከሁለት እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ የደም ዝውውርህና ሳንባህ ይሻሻላል። ከዓመት በኋላ በማጨስ የመጣው ተጨማሪ የልብ ሕመም አደጋ ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ በአሥር ዓመት በሳንባ ካንሰር የመሞት አደጋ ከሚያጨስ ሰው ግማሽ ያህል ይሆናል። እኔ በራሴ መጀመሪያ ያየሁት የሽሮውን ጣዕም ነው። ባለቤቴን «ምን ጨመርሽበት?» አልኳት። ምንም አልጨመረችም።

የሚያስደነግጡም አሉ። ሳል ሊብስብህ ይችላል። ሳንባ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን መጥረጊያ ፀጉሮች መሥራት ሲጀምሩ የተጠራቀመውን አክታ ያወጣሉ፤ በጥቂት ሳምንት ይቀንሳል፣ ካልቀነሰ ወይም ደም ካለበት ግን ወዲያው ሐኪም ዘንድ ሄደህ ታይ። ሆድ ይደርቃል፤ ተልባና ውሃ። ክብደት ይጨምራል፣ ብዙ ሰው በመጀመሪያው ዓመት አራትና አምስት ኪሎ ይጨምራል። እኔ ስድስት ጨመርኩ። ለዚያ ብለህ አትመለስ፣ ተራመድ።

እርዳታ መጠየቅ

ጤና ጣቢያ ሄደህ «ሲጋራ ማቆም እፈልጋለሁ» በል። አያሳፍርም። የኒኮቲን ማስቲካና የሚለጠፍ ፕላስተር አለ፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ ክኒኖችም አሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባቸው ናቸው። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካለህ ፋርማሲ ያስጠይቅልህ። ማስቲካውን ካገኘህ እንደ ተራ ማስቲካ አታላምጠው። ጥቂት አኝከህ አፍህን ማቃጠል ሲጀምር ጉንጭህ ሥር አስቀምጠው፣ ሲበርድ ደግመህ አኝከው። ባታገኝም ያለ እሱ ይቻላል፤ እኔ አላገኘሁም ነበር።

ኢንሱሊን ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ከማቆምህ በፊት ለሐኪምህ ንገር። ስታቆም የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል። ስታቆም ሐዘንና ድብርት ከመጣብህና ከሳምንታት በኋላም ካልለቀቀህ እንደዚሁ ለሐኪም ንገር።

ብታጨስስ

በሁለተኛው ሙከራዬ ሦስት ወር ቆይቼ ነበር። ከዚያ መሐል ሜዳ ዘመድ ሞተብኝና ሄድኩ። ሌሊቱ የመንዝ ብርድ ነው። ከድንኳኑ ጀርባ እሳት ከበን ቆመናል። አንድ የማከብረው ሰው ለኩሶ ዘረጋልኝ፣ እኔም በሐዘን ቤት እንቢ ማለት ከብዶኝ ተቀበልኩ። ሁለት ጊዜ ስቤ ራሴ ዞረ። መጥፎ ነበር፣ ጣዕሙም መጥፎ ነበር። ግን የጎዳኝ ያ ሲጋራ አይደለም። በማግስቱ «በቃ ተበላሽቷል» ብዬ ፓኮ መግዛቴ ነው። ያ ፓኮ ሁለት ዓመት አስጨሰኝ።

ስለዚህ አንድ ካመለጠህ በዚያው ሰዓት እንዲህ አድርግ። የቀረውን እዚያው አጥፋ፣ ጨርሰው የሚልህን አትስማ። አፍህን ተጉመጥመጥ። ለአንድ ሰው ደውለህ «አጨስኩ» በል። የቆረጥከውን ቀን አትለውጥ፣ እንደገና «ከሰኞ ጀምሮ» አትበል፤ የሚቀጥለው ሐራራ ሲመጣ አምስት ደቂቃህን ቁጠር። ከዚያ ወረቀትህን አውጣና አዲሱን ቦታ ጨምርበት። የእኔ ላይ ስድስተኛ ሆኖ የተጻፈው «ለቅሶ ቤት፣ ከድንኳኑ ጀርባ» ነው። አሁን ለቅሶ ስሄድ ኪሴ ቆሎ ይዤ፣ ድንኳኑ ውስጥ ከሽማግሌዎቹ አጠገብ እቀመጣለሁ።